ከፍ በተደረገ ፎር ዊል መኪና ላይ የኋላ የአየር ከረጢት ማስተካከል፦ ከልኬት እስከ መንገድ ሙከራ

ብዙ ሰው በዚህ ነገር ሲቸገር አያለሁ። መኪናው 5 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጓል። ጭነት ሲገባ ኋላው ስለሚቀመጥ ሞላው ውስጥ የአየር ከረጢት ይጨመርበታል። ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሠራል። ከዚያ አንዱ ጎን ንፋስ መያዝ ያቆማል። አዲስ ይገዛል፣ እሱም ይቀደዳል። በመጨረሻ «ይሄ ነገር አይረባም» ተብሎ ይጣላል።

ዕቃው ይረባል። የሚሳሳተው ልኬቱ ነው። ለፋብሪካው ቁመት የተሠራ ከረጢት ረጅም ሞላ ውስጥ ሲገባ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። ወይ ሞላው ውስጥ ላላ ብሎ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ወይ ደግሞ ቁመት እንዲሞላ ከሥሩ በተደረገለት ወፍራም ስፔሰር (ድጋፍ) ተጨፍልቆ ይቀደዳል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ለማስቀረት የተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። የአየር ከረጢት ስል መሪ ውስጥ ያለውን የአደጋ ጊዜ ኤርባግ ማለቴ አይደለም። ሞላውን የሚያግዘውን፣ ንፋስ የሚሞላውን ከረጢት ነው።

በቅድሚያ፦ ለእናንተ መኪና ይሆናል ወይ?

መኪናው ባዶውን ቆሞ ኋላው የወረደ ከሆነ ሞላው ደክሟል ማለት ነው። መጀመሪያ ሞላውን ቀይሩ። ከረጢት የደከመ ሞላ አያድንም።

ጭነቱ ሁልጊዜ አብሯችሁ የሚሄድ ከሆነም፣ ለምሳሌ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ወይም ከባድ የኋላ ባምፐር፣ ጠንከር ያለ ሞላ ይሻላችኋል። ከረጢት የሚጠቅመው ለሚመጣና ለሚሄድ ጭነት ነው። ዛሬ ተጎታች አለ፣ ነገ የለም፤ እንዲህ ላለው ሰው።

ደግሞም ከረጢት የመኪናውን የተፈቀደ ክብደት አይጨምርም። ኋላው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ብቻ አክስሉ፣ ጎማው፣ ፍሬኑና ሻንሲው አልጠነከሩም። ይህን የሚረሳ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ጠምዛዛ ሞላ እና ሙሉ የኋላ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል) ላላቸው መኪኖች ነው። የድሮውን ኒሳን ፓትሮል እና ላንድክሩዘር ፕራዶን የመሰሉትን አስቡ። ባሌስትራ ላለው መኪና ጥቂት ነገር መጨረሻ አካባቢ ጽፌያለሁ፤ እዚያ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ ግን ምንም አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ዕቃዎቹን አዘጋጁ

- ክሪክ 1፣ ቢቻል 2፣ እና የመኪናውን ክብደት የሚችሉ 2 የብረት ካቫሌቶዎች (መደገፊያዎች)
- ለፊት ጎማዎች ታኮ
- የቁልፍ ስብስብና የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ
- ሜትር፣ ማርከር፣ ወረቀት
- አዲስ ምላጭ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ መቁረጫ
- ሞረድና የአሸዋ ወረቀት
- ትንሽ ቁጥር በትክክል የሚያሳይ የንፋስ መለኪያ
- ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ፣ በሚረጭ ጠርሙስ
- የፕላስቲክ ማሰሪያዎች

መለኪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሞላ ውስጥ የሚገቡት ከረጢቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከ5 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ባለው ግፊት ነው። እስከ 150 ፒኤስአይ የሚያነብ የከባድ መኪና መለኪያ 5 እና 10ን በቅጡ አይለይም። እስከ 60 ድረስ የሚያነብ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ቁመቶች ለኩ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። እባካችሁ እዚህ አትቸኩሉ።

መኪና ከፍ ሲደረግ ሁሉም ነገር እኩል ከፍ ይላል ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። መኪናው ቆሞ እያለ በላይኛውና በታችኛው የሞላ ማረፊያ መካከል ያለው ርቀት ጨምሯል። አክስሉ ሲንጠለጠል ያለውም፣ ረዘም ያለ ሾክ አብዞርበር ከገባ፣ ጨምሯል። ጎማው ጉድጓድ መትቶ ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ያለው ርቀት ግን ያው የድሮው ነው። እሱን የሚወስነው ማቆሚያው ጎማ፣ ማለትም አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚያግደው የጎማ ቁራጭ ነው፤ እሱ ደግሞ ካልተነካ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ስለዚህ «መኪናዬ 7 ሴንቲ ከፍ ብሏል፣ 7 ሴንቲ ስፔሰር ከሥሩ ላድርግ» የሚለው ሒሳብ ከረጢቱን ይገድለዋል።

እኔም በዚሁ ተሳስቻለሁ። መኪናዬ 5 ሴንቲ ከፍ ብሎ ስለነበር ልክ 5 ሴንቲ ስፔሰር አስቆረጥኩ። ቆሞ ሲታይ እንከን የለውም። ተጭኖ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉድጓድ ሲመታ ግን ግራው ከረጢት ሄደ። ስፈታው መታጠፊያው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ አገኘሁ። በስፔሰሩና በላይኛው ማረፊያ መካከል ተጨፍልቆ ነበር።

አሁን እንለካ። ሁሉንም በግራም በቀኝም ለኩና ጻፉ።

1. የቆመ ቁመት። ምንም ሳትፈቱ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በጎማው ቆሞ፣ ሁልጊዜ የምትይዙት ዕቃ ውስጡ እያለ ለኩ። ከላይኛው የሞላ ማረፊያ እስከ ታችኛው ነው። ከጎማው መሐል እስከ ጎማው ቅስት (ከጎማው በላይ ያለው የአካሉ ክፍል) ጠርዝ ያለውንም አብራችሁ መዝግቡ፤ በኋላ ንፋስ ስትሞሉ ያስፈልጋችኋል።

2. የተንጠለጠለ ቁመት። ይህንና ቀጣዩን የምትለኩት ደረጃ 4 ላይ መኪናውን ካነሳችሁ በኋላ ነው። ሾኮቹ ታስረው፣ አክስሉ እነሱ እስከሚፈቅዱት ድረስ ወርዶ ለኩ።

3. የተጨመቀ ቁመት። ሞላዎቹ ወጥተው፣ ሻንሲው ካቫሌቶ ላይ ተቀምጦ፣ አክስሉን በክሪክ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ማቆሚያው ጎማ ሲነካ አቁሙና ለኩ። ከዚያ የማቆሚያውን ጎማ ቁመት ለክታችሁ ግማሹን ቀንሱ። ጎማ ስለሆነ በከባድ ምት ወደ ውስጥ ይጨመቃል።

በምሳሌ ላሳይ። የቆመው 28 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የተንጠለጠለው 40። ማቆሚያው ሲነካ 20፤ ማቆሚያው ጎማ 6 ሴንቲ ቁመት ስላለው ግማሹ 3 ይቀነሳል፣ 17 ይቀራል። የከረጢቱ ወረቀት ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ሲጨመቅ 11 ሴንቲ፣ ቢበዛ እስከ 25 ሴንቲ ይረዝማል ይላል።

የስፔሰሩ ከፍተኛ ውፍረት፦ 17 ሲቀነስ 11፣ ከዚያም ላይ 1.5 ለጥንቃቄ ሲቀነስ፣ 4.5 ሴንቲ ሜትር።

ያ 1.5 ለምን? አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲሄድ አክስሉ ያጋድላል። ያኔ ሁለቱ ማረፊያዎች ትይዩ መሆናቸው ይቀራል፣ የከረጢቱ አንድ ጠርዝ ከሌላው በላይ ይጨመቃል።

አሁን የቆመውን ፈትሹ። 28 ሲቀነስ 4.5፣ 23.5 ይሆናል። ከ25 በታች ነው፣ ይሠራል። የተንጠለጠለው 40 ሲቀነስ 4.5 ግን 35.5 ነው። ከረጢቱ እስከዚያ አይደርስም። ስለዚህ አንዱ ጫፉ ነፃ መሆን አለበት፤ አክስሉ ሲወርድ ከማረፊያው ተለይቶ፣ ሲመለስ በቦታው እንዲያርፍ። ሁለቱንም ጫፍ ያሰረ ሰው ከረጢቱን እንደ ገመድ እየጎተተው ነው።

ሒሳቡ ካልገጠመስ? የቆመው ቁመት ስፔሰሩ ተቀንሶለትም ከከረጢቱ ከፍተኛ ርዝመት በላይ ከሆነ ስፔሰሩን አታወፍሩ፤ ረዘም ያለ ከረጢት ግዙ። ወይም ማቆሚያውን ጎማ ወደ ታች አውርዱ። ማቆሚያውን 3 ሴንቲ ካወረዳችሁ ስፔሰሩም 3 ሴንቲ ሊወፍር ይችላል። ዋጋው ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት መንገድ በዚያው ልክ ማጠሩ ነው። ትልቅ ጎማ ላስገባ ሰው ግን ጎማው አካሉን እንዳይነካ ማቆሚያው ቀድሞውንም መውረድ የነበረበት ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በአንዳንድ መኪኖች ማቆሚያው ጎማ ያለው ራሱ ሞላው ውስጥ ነው። ከረጢቱ እንዲገባ እሱን ማውጣት ወይም ማሳጠር ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በጎማው ፈንታ የሚያቆመው ከረጢቱ ይሆናል። እንዲህ ባለ መኪና ከረጢቱ ባዶ ሆኖ በፍጹም አትንዱ። የወጣውን ማቆሚያም አትጣሉት፤ ከረጢቱ መንገድ ላይ ቢቀደድ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ስፔሰሩን አሠሩ

ውፍረቱ የሚታወቀው ደረጃ 5 ላይ የተጨመቀውን ቁመት ከለካችሁ በኋላ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው ያኔ ነው። ጠንካራ የናይለን ወይም የፖሊኤቲሊን ድብልብል ፕላስቲክ በቶርኖ ይቆረጥ። በሁለቱም ጎን ልክ እኩል ይሁን።

1. ስፋቱ ሞላው ውስጥ ገብቶ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት የሚተው ይሁን። ጠባብ ከሆነ ይዞራል፣ ይጋደማል።
2. ከረጢቱ የሚያርፍበት ፊት ጠፍጣፋና ለስላሳ ይሁን። ጠርዙ በሙሉ ይዶልዱም። በጣታችሁ ስትዳስሱት ምንም የሚቧጭር ነገር አይኑር።
3. መሐሉ ላይ ቀዳዳ ይውጣለት። ውሃና አሸዋ በዚያ ይወጣል።
4. ታችኛው ማረፊያ ላይ ከፋብሪካው የመጣ ቀዳዳ ካለ ስፔሰሩን በአንድ ቡሎን እሰሩት። የቡሎኑ ራስ ከስፔሰሩ ፊት በታች ተቀብሮ ይቀመጥ።

አክስሉን ለዚህ ብላችሁ አትብሱ፣ አትበይዱም። ውስጡ ዘይትና የሚሽከረከር ዘንግ አለ፤ ብየዳ ደግሞ ሊያጣምመው ይችላል።

እንጨት አይሆንም፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይሰነጠቃል። የተቆረጠ ባዶ የብረት ቱቦም አይሆንም፣ ጠርዙ ከረጢቱን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ሮንዴላ መደርደርን ጨርሶ እርሱት።

ስፔሰሩ ከላይ ነው ከታች? የከረጢቱ ቫልቭ ካለበት ጫፍ ተቃራኒ በሆነው ላይ። እኔ ቫልቩ ወደ ላይ እንዲሆን እመርጣለሁ። የላይኛው ማረፊያ ከሻንሲው ጋር ስለሆነ አይንቀሳቀስም፣ ቱቦውም አብሮ አይወዛወዝም። እዚያ ቀዳዳ ከሌለ ቫልቩ ወደ ታች ይሁን፤ ያኔ ቱቦው ረዘም ያለ ትርፍ ይፈልጋል።

ደረጃ 4፦ መኪናውን አንሱ

1. ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። አፈር ላይ ካቫሌቶ ይሰምጣል።
2. የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። በብዙ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ ኋላው ሲነሳ ምንም አይዝም።
3. ኋላውን አንስታችሁ ካቫሌቶዎቹን ከሻንሲው ሥር አድርጉ። ከአክስሉ ሥር አይደለም።
4. ክሪኩ አክስሉን እንደያዘ ይቆይ። ጎማዎቹን አውጡ።
5. መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት። ከተነቃነቀ አውርዳችሁ እንደገና ጀምሩ።

ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ደረጃ 5፦ ሞላውን አውጡ

ከመፍታታችሁ በፊት አክስሉ ሲወርድ የሚወጠረውን ሁሉ ተመልከቱ፦ የፍሬን ቱቦ፣ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ፣ የኤቢኤስ ገመድ። ከፍ በተደረገ መኪና እነዚህ ቀድሞውንም አጭር ሊሆኑ ይችላሉ። የተወጠረ ካለ ማሰሪያውን ፍቱለት።

1. አክስሉን በቀስታ አውርዳችሁ የተንጠለጠለውን ቁመት ለኩ፣ ጻፉ።
2. ክሪኩን መልሳችሁ አስጠግታችሁ የሁለቱን ሾኮች የታች ቡሎን ፍቱ።
3. መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ ማያያዣዎች ፍቱ።
4. አክስሉን አንዱን ጎን ከሌላው እየለያችሁ ቀስ በቀስ አውርዱ። ሞላው ሲላላ በእጅ ይወጣል።

ሞላው ሳይላላ በብረት አትፈንቅሉት። የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ አጥንት ይሰብራል። ፊታችሁንም እጃችሁንም ከመውጫው መስመር አርቁ። ካልላላ የሞላ መጭመቂያ ተጠቀሙ።

ሞላው ሲወጣ የተጨመቀውን ቁመት ለኩ። ከዚያ ማረፊያዎቹን ከጭቃና ከዝገት አጽዱ። የሞላውን ሽቦ ጫፍ በተለይ ዳስሱት። ተቆርጦ የቀረ ስለታም ጠርዝ ካለ በሞረድ አለስልሱት።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ተመልከቱ። ብዙ መኪኖች አክስሉን ወደ ጎን የሚይዝ አግድም ዘንግ አላቸው። መኪናው ከፍ ሲል ይህ ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ያኔ የላይኛውና የታችኛው ማረፊያ መሐል ለመሐል አይገጥሙም፣ ከረጢቱም ጎብጦ ይቆምና ሞላውን እየታከከ ያልቃል። የግራና የቀኝ ጎማ ከአካሉ የወጡበት መጠን ካልተመሳሰለ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 6፦ ከረጢቱን ሞላው ውስጥ አስገቡ

1. ከረጢቱን ለብ ካለ ውሃ በላይ ሞቅ ባለ፣ ግን በማይፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ይለሰልሳል።
2. ንፋሱን በሙሉ ጨምቃችሁ አውጡና ጠቅልሉት። የቫልቩን አፍ ወዲያው ክደኑ። ንፋስ ስለማይገባው እንደተጠቀለለ ይቆያል።
3. ሞላው ውስጥ ክተቱት። በካቻቪቴ አትግፉት፤ በእጅ ወይም ጫፉ ድብልብል በሆነ እንጨት ይሁን።
4. ክዳኑን ክፈቱ። ከረጢቱ ቅርጹን ይዞ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ የትም አለመታጠፉን እዩ።

ሲሞላ በሞላው ቀለበቶች መካከል አብጦ የሚወጣ ከሆነ ለዚያ ሞላ አይሆንም። ወይ ስፋቱ አልገጠመም፣ ወይ ሞላው በጣም የተራራቁ ቀለበቶች አሉት።

ደረጃ 7፦ ቱቦውን ዘርጉ

1. ለእያንዳንዱ ጎን የራሱ ቱቦና የራሱ መሙያ ይኑረው። ሁለቱን በአንድ መገናኛ አታያይዙ። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ከተጫነው ጎን ንፋስ ወደ ሌላው ይሸሻል፣ መኪናውም ይበልጥ ያጋድላል።
2. ቱቦውን በምላጭ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በፒንሳ አይቆረጥም፤ ክቡን አፍ ያጣምመዋል፣ ያም ንፋስ ያስተነፍሳል።
3. ማያያዣው ውስጥ እስከ መጨረሻው ግፉ። የገባበት ቦታ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። በኋላ መስመሩ ወጥቶ ከታየ ቱቦው እየሸሸ ነው።
4. ከጭስ ማውጫውና ከማርሚታው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አርቁ። ከረጢቱም እንደዚሁ። ካልተቻለ መሐላቸው ሙቀት የሚከላከል ቆርቆሮ ይግባ።
5. በየ30 ሴንቲ ሜትሩ እሰሩ፤ ግን ማሰሪያው ቱቦውን አያንቀው።
6. ቫልቩ ወደ ታች ከሆነ፣ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የማይወጠር ትርፍ ቱቦ ተዉ። ትርፉ ደግሞ ጎማውንም ዘንጉንም እንዳይነካ።

ደረጃ 8፦ መልሳችሁ ግጠሙ

1. ስፔሰሩን በቦታው አድርጉ፣ ሞላውን ከከረጢቱ ጋር አስገቡ። የሞላው ጫፍ ማረፊያው ላይ ባለው ቦታው መቀመጡን አረጋግጡ።
2. ከረጢቱ ውስጥ 5 ፒኤስአይ ሙሉ። ባዶ ሆኖ አክስሉን ካነሳችሁ ተጣጥፎ ሊቆነጠጥ ይችላል።
3. አክስሉን አንሱ። ሾኮቹንና ማያያዣዎቹን እሰሩ።
4. ጎማዎቹን ግጠሙ፣ መኪናውን አውርዱ። ጎማ ዳዶዎችን በሚለካ ቁልፍ አጥብቁ።
5. በጎማ ቡሽ የሚታሰሩትን ቡሎኖች የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ አድርጉ። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ደረጃ 9፦ ንፋስ ማስተንፈሱን ፈትሹ

እስከ 30 ፒኤስአይ ሙሉ፤ የከረጢቱ ወረቀት ከዚያ ያነሰ ጣሪያ ካስቀመጠ እሱን ተከተሉ። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ የሳሙና ውሃ ርጩ። አረፋ ካወጣ ንፋሱን አስተንፍሱ፣ የማያያዣውን ቀለበት ተጭናችሁ ቱቦውን ሳቡ፣ ጫፉን 1 ሴንቲ ቆርጣችሁ እንደገና ግፉ።

ከዚያ 24 ሰዓት ይደር። በማግሥቱ ስትለኩ 2 ወይም 3 ፒኤስአይ ቢጎድል አትደንግጡ። ከረጢቱ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ መለኪያው ራሱ ሲሰካ ያን ያህል ያስወጣል። ሌሊቱ ከቀዘቀዘም ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ከጎደለ ማስተንፈሻ አለ።

ደረጃ 10፦ አክስሉን አንቀሳቅሳችሁ እዩ

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ሌላው መሬት ላይ ይሁን። ከዚያ ቀይሩ። አንድ ሰው በባትሪ መብራት ከጎን ይመልከት እንጂ ከሥር አይግባ። የሚታየው ይህ ነው፦ ከረጢቱ ከማረፊያው ሲለይ ቀጥ ብሎ ይመለሳል ወይስ ጎን ይይዛል? ቱቦው ይወጠራል? የፍሬን ቱቦውስ?

ደረጃ 11፦ የፍሬን ቫልቭና መብራት

ይህን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ብዙ ፎር ዊል መኪኖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እያየ ለኋላ ፍሬን ምን ያህል ግፊት እንደሚሰጥ ይወስናል። ኋላው ሲወርድ «ተጭኗል» ብሎ ይጨምራል፣ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል።

መኪናው ከፍ ሲደረግ ቫልቩ ተታሏል። በከረጢት የተጫነውን ኋላ ስታነሱት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ይታለላል። ጭነት ሞልታችሁ የኋላ ፍሬናችሁ የሚሠራው እንደ ባዶ መኪና ነው። የቫልቩ ዘንግ ወይም ማሰሪያው ለአዲሱ ቁመት መስተካከል አለበት። ይህን በፍሬን ሥራ ልምድ ላለው ሰው አሠሩት። ዘንጉን በግምት አትጠምዝዙ፤ ኋላው ከልክ በላይ ከያዘ ጎማው ተቆልፎ መኪናው ይዞራል።

የፊት መብራቱንም አስተካክሉ።

ደረጃ 12፦ ስንት ንፋስ?

በቁጥር ሳይሆን በቁመት ሥሩ።

1. ባዶውን 5 ፒኤስአይ አድርጉ። ባዶ መኪና ላይ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፣ ኋላው ይደርቃል።
2. ጭነቱን ጫኑ። የጎማውን ቅስት ቁመት ለኩ።
3. በየ5 ፒኤስአይ እየጨመራችሁ ደጋግማችሁ ለኩ። መጀመሪያ ከመዘገባችሁት ቁመት 1 ወይም 2 ሴንቲ ሲቀረው አቁሙ።

ከዚያ በላይ አትውጡ። ከረጢት መኪና ማስረዘሚያ አይደለም። ኋላውን ይበልጥ ስታነሱ አክስሉ ወደ ታች የሚሄድበት መንገድ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሾኩ ተወጥሮ «ጓ» ይላል፣ ይሰበራልም።

ሸካራ መንገድ ላይ ግፊቱን ቀነስ አድርጉ። ባዶ ሆናችሁ ድንጋይ የምትወጡ ከሆነ ወደ 5 አውርዱ፣ ጎማዎቹ መሬቱን ይከተላሉ። ወደ 0 ግን አይደለም፤ ባዶ ከረጢት ይታጠፋል፣ ይቆነጠጣል።

ባሌስትራ ላላቸው

በባሌስትራ ላይ ከረጢቱ የሚቀመጠው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ነው። የሚሠራበት ግፊትም ከፍ ያለ ነው፣ ብዙዎቹ እስከ 100 ፒኤስአይ። አደጋው ሻንሲው ላይ ነው። ባሌስትራ ክብደቱን በፊትና በኋላ ማሰሪያዎቹ ለሁለት ከፍሎ ሻንሲውን ይይዛል። ከረጢት ግን አንድ ቦታ ላይ ይገፋል። ከአክስሉ ኋላ ከባድ ጭነት ወይም ተጎታች ካለ፣ ግፊቱም ከፍተኛ ከሆነ፣ ሻንሲው ከከረጢቱ በላይ ሊጎብጥ ይችላል። የጎበጡ አሉ። ጭነታችሁ ወደ ኋላ የሚያመዝን ከሆነ ከረጢት ትታችሁ ባሌስትራ አስጨምሩ። የቁመት ልኬቱና የስፔሰሩ ሕግ እዚህም ያው ነው።

ሲበላሽ

አንዱ ጎን ብቻ ቀስ እያለ ይጎድላል። ግራና ቀኝ ቱቦዎቹን መሙያው ላይ አቀያይሩ። ችግሩ አብሮ ከዞረ መሙያው ነው። ካልዞረ ቱቦው ወይም ከረጢቱ ነው።

ቀጥ ያለ ወይም የጨረቃ ቅርጽ ስንጥቅ መታጠፊያው ላይ። ስፔሰሩ ወፍሯል ወይም ግፊቱ አንሷል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የተጨመቀውን ቁመት እንደገና ለኩ።

ጎኑ ላይ ጠመዝማዛ ጭረት። ሞላው እየላገው ነው። ጭቃና ጠጠር ገብቷል፣ ወይም አክስሉ ወደ ጎን ሸሽቷል።

ቫልቩ ሥር ተገንጥሏል። ከረጢቱ እየተጎተተ ነው። ሁለቱም ጫፍ ታስሯል፣ ወይም ቱቦው አጥሯል።

መንገድ ላይ ተቀደደ። ጭነቱን አቅልሉ፣ ከባዱን ወደ ፊት አምጡ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ማቆሚያው ጎማ ከሞላው ውጭ ከሆነ መሄድ ይቻላል። ውስጥ የነበረና የወጣ ከሆነ ግን መልሳችሁ ሳታስገቡ አትቀጥሉ።

ከሥራው በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ። ንፋሱን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ጭነት ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ለኩ። ጭቃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሞላውን በውሃ እጠቡ፤ የስፔሰሩ ቀዳዳ አለመደፈኑንም በሽቦ ሞክሩት።